ቁርኣን ዶት ኮም ለልጆች ቂርኣት እንዴት ነው?

ስልኩን ነጥቀን "ሂድ ቁርኣን ቅራ" ማለት ብቻውን ከዛሬ ልጆች ጋር እየሰራ አይደለም፣ ስለዚህ ስልኩ ውስጥ ምን ጥሩ ነገር እንዳለ ማየት ይሻላል ብዬ ቁርኣን ዶት ኮምን (ቁርኣን የሚነበብበትና የሚሰማበት ድረ ገጽ ነው) በደንብ ፈተሽኩት። ወላሂ ደስ ነው ያለኝ። ነፃ ነው ማስታወቂያም የለውም፣ ይሄ ለልጅ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ሱረቱል ሙልክን እየሰማ መሃል ላይ ሌላ ነገር ዘሎ አይመጣበትም።

ከሁሉም የወደድኩት ድምፁን ነው። ቃሪኡ (ቁርኣኑን የሚያነበው ሰው) ሲቀራ የደረሰበት ቃል ቀለሙ ይለያል፣ አንዷን አያ (አንቀጽ) ብቻ ደጋግሞ እንዲያሰማ ማድረግም ይቻላል፣ ሂፍዝ (ቁርኣንን በቃል መያዝ) ለጀመረ ልጅ ደሞ ድግግሞሽ ማለት ሁሉም ነገር ነው። የሼህ ማሕሙድ ኸሊል አልሑሰሪን ቂርኣት ምረጡለት፣ ረጋ ያለ ስለሆነ እያንዳንዱ ሐርፍ (ፊደል) ጥርት ብሎ ይሰማል። የአማርኛ ትርጉምም አለው፣ ልጁ "ይሄ ምን ማለት ነው" ካለ አብራችሁ ታነባላችሁ (እኛም እኮ ስንቱን ሱራ ትርጉሙን ሳናውቅ ነው የሐፈዝነው)።

ግን ኡስታዝን (አስተማሪውን) ይተካል ብላችሁ እንዳታስቡ። ዓይንና ሐ የሚባሉት ሐርፎች ከጉሮሮ፣ ዷድ ደሞ ከምላስ ጎን ሲወጡ አፉን አይቶ፣ ሰምቶ የሚያርመው ሰው ያስፈልገዋል፣ ቁርኣን ሁሌም ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የተላለፈው። አደቡንም ከኡስታዙ ነው የሚማረው።

ለጀማሪ ከጁዝ ዐማ (ከቁርኣን የመጨረሻው ክፍል) ጀምሩ፣ ከ37ቱ ሱራዎቹ አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው፣ ቤት በቁርኣን ዶት ኮም ይስማ ይደጋግም፣ ከዛ ኡስታዙ ፊት ያሰማ።