የድሮ ፋብሪካ፦ ማፍረስ ይሻላል ወይስ አድሶ መጠቀም?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ ፋብሪካ ሲዘጋ ይህ ጥያቄ አይቀርም። በዌልስ የነበረውን የብሪንማውር የጎማ ውጤቶች ፋብሪካ እንውሰድ። የአካባቢው ሰው ሥራ ባጣበት ጊዜ ሥራ እንዲፈጥር ታስቦ እ.ኤ.አ. በ1951 የተጠናቀቀ ነው። ከዋናው አዳራሽ በላይ ዘጠኝ የኮንክሪት ጉልላቶች ነበሩት፤ ስስ ነበሩ፣ ግን ያን ሁሉ ስፋት ተሸክመው ወለሉን ለማሽንና ለሠራተኛ ክፍት ይተዉት ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም።

ወጪ
ማፍረስ፦ ለጊዜው ርካሽ ነው፣ መሬቱም ቶሎ ይሸጣል።
ማደስ፦ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የዛገ ብረት፣ አንዳንዴም አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ የድሮ የግንባታ ቁስ) አለ። ኪስ ይጎዳል።

አደጋ
ማፍረስ፦ ከፈረሰ ፈረሰ፣ መመለሻ የለውም።
ማደስ፦ ትልቁ ጠላት ባዶ መቆየት ነው። ብሪንማውር በ1982 ተዘጋ፣ በ1986 በቅርስነት ተመዘገበ፣ ግን የሚገባበት ሰው ሳያገኝ ዓመታት አልፈው በ2001 ፈረሰ፤ የተረፈው የማሞቂያ ቤቱ ነው። መመዝገቡ ብቻውን እንዳላዳነው ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ሕንፃው ተራ መጋዘን ከሆነና አፈሩ በኬሚካል ከተበከለ፣ በደንብ ፎቶ አንስቶና ፕላኑን አስቀምጦ ማፍረስ ያስኬዳል። አሠራሩ ብርቅ ከሆነ፣ የሠሩበት ሰዎችም በሕይወት ካሉ ግን ማደሱን ምረጡ። ተከራዩን ደግሞ ጣሪያው ማፍሰስ ሳይጀምር ፈልጉ።