ከውጭ በኦንላይን የሚገዛ የቆዳ ሥራ ዕቃ፦ ለእኛ ቆዳ የሚሆነውና የማይሆነው

ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ቃሊቲ አካባቢ በቤቱ ቦርሳ፣ ቀበቶና የኪስ ቦርሳ የሚሠራ ሰው ከውጭ ማስመጣት ያለበት ዕቃ ከሚያስበው ያነሰ ነው። ጥርሳም መብሻ (የስፌት ቀዳዳ በእኩል ርቀት የሚያወጣ ሹካ መሰል ብረት)፣ ክር፣ መርፌ እና የናስ ዘለበት ከውጭ ቢመጡ ገንዘባቸውን ያወጣሉ። ቆዳ፣ ማስቲሽ፣ አልኮል ያለው ማቅለሚያ እና ባለ ስልሳ ምናምን ዕቃ የጀማሪ ስብስብ ግን አያወጡም።

ዋናው ምክንያት ቆዳው ነው። እዚህ በቀላሉ የሚገኘው፣ ከሞጆም ይምጣ ከአቃቂ፣ በአብዛኛው በክሮም ጨው የለፋ ቆዳና ሌጦ ነው። በኦንላይን የሚሸጠው ስብስብ ደግሞ የተዘጋጀው በእፅዋት ቅርፊት ለለፋ ወፍራም የከብት ቆዳ ነው። ስብስቡ ውስጥ ያሉት የማተሚያ ብረቶች ቆዳው በውሃ ርሶ ሲመታ ቅርጽ እንዲይዝ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ የክሮም ቆዳ ቅርጹን አይዝም፣ ሲደርቅ መልሶ ይነፋል። ጠርዝ ማሻሻው እንጨትና አብሮት የሚመጣው ሙጫ የእፅዋት ቆዳን ጠርዝ ያብለጨልጫሉ፤ የክሮም ቆዳ ጠርዝ ግን ቢሹት ቢሹት ቃጫው ይነሳል እንጂ አይዘጋም። ርካሹ የጠርዝ መላጫም ለስላሳ ሌጦ ላይ አይነክስም፣ ይጎትተዋል። ከሣጥኑ ውስጥ በእርግጥ ሥራ ላይ የሚውለው ወስፌው፣ መርፌው እና ምናልባት መዶሻው ነው። እነዚህን ለብቻ መግዛት ይሻላል።

ያላችሁ ቆዳ የቱ እንደሆነ ካላወቃችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ፈትኑት። ቁረጡና የጠርዙን መሃል እዩ፤ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ከመሰለ ክሮም ነው። ቀለም ዘልቆት ካልታየ አንድ ቀጭን ቁራጭ የፈላ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ጨምሩት። በእፅዋት የለፋው ወዲያው ተኮማትሮ ይጠነክራል፣ የክሮሙ እምብዛም አይለወጥም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ልዩነቱን ለማየት በቂ ነው።

ወደ መብሻው እንምጣ፣ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው እሱ ነውና። መግለጫው ላይ የሚነበበው ቁጥር በአንድ ጥርስ መሃልና በቀጣዩ መሃል ያለው ርቀት ነው፦ 2.7፣ 3፣ 3.38፣ 3.85፣ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር። ለኪስ ቦርሳ ከ3 እስከ 3.38፣ ለእጅ ቦርሳ 3.85 ወይም 4፣ ለቀበቶ 4 ወይም 5 ይስማማል። ነገር ግን ለእኛ ሌጦ ከርቀቱ እኩል የጥርሱ ስፋት ወሳኝ ነው፤ ይህን ደግሞ ብዙ ሻጭ አይጽፈውም። 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የበግ ሌጦ ላይ ርቀቱ 3፣ ጥርሱ 2.2 ከሆነ በቀዳዳዎቹ መካከል የሚቀረው ቆዳ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ክሩ ጠበቅ ሲል መስመሩን ይዞ ይቀደዳል። ሻጩን ጠይቁት፤ ለ3 ሚሊ ሜትር መብሻ የጥርሱ ስፋት ከ1.5 ባይበልጥ ጥሩ ነው። ክብ ቀዳዳ የሚያወጣው ዓይነት ለስስ ቆዳ አይመከርም፤ ቆዳውን ቆርጦ ያወጣዋል እንጂ ሰንጥቆ አያሳልፍም።

ዕቃው እንደደረሰ ለመፈተሽ ካሊፐር (የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚለካ መሣሪያ) ይኑራችሁ። ባለ 10 ጥርስ መብሻ 9 ክፍተት አለው። 4 ሚሊ ሜትር የተባለው ከመጀመሪያው ጫፍ እስከ መጨረሻው 36 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ 3.85 የተባለው 34.65፣ 3.38 የተባለው 30.42። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ባለ 2 ጥርሱን ከአንድ ሻጭ፣ ባለ 10ሩን ከሌላ የገዛ ሰው ማዕዘን ላይ ሲደርስ ስፌቱ አይገጥምለትም። ስለዚህ ባለ 2፣ ባለ 5 እና ባለ 10 ከአንድ ሻጭ፣ በአንድ ትዕዛዝ። ቀጥሎ የጥርሶቹን ጎን በጣት ነካ ነካ አድርጉ። ያልተወለወለ ጥርስ ቆዳው ውስጥ ይያዛል፤ ሲነቅሉት ሌጦውን ይዞ ይነሳል። በ1000 ከዚያም በ2000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ማሸት ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። የተጣመመ ጥርስ ግን አይስተካከልም፣ መመለስ ነው።

ከቻይና ሠሪዎች በአሊኤክስፕረስ በስም የሚታወቁት ዉታ እና ኬቪን ሊ ናቸው፤ ስም ከሌለው ዕቃ ይልቅ ከእነሱ መካከል መምረጥ ይሻላል። የጃፓኑ ሴይዋ ለመብሻም ለጠርዝ ሙጫም የታወቀ ስም አለው። የፓሪሱ ቨርጄ ብላንሻር ከ1823 ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው፤ ብረቱ እጅግ ያምራል፣ ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። የአንዱ ባለ 10 ጥርስ ዋጋ ብቻ ከቻይናው ሙሉ ስብስብ ዋጋ ይበልጣል። ደግሞም ይህ ብረት ምልክት የሚያደርግ ነው፣ ቆዳውን አልፎ የሚበሳ አይደለም፤ ከኋላው በወስፌ መብሳት የግድ ነው። በወስፌ እጁ ላልተፈታ ሰው ቀጥታ የሚበሳው ዓይነት ይሻለዋል። የቴክሳሱ ታንዲ ሌዘር በ1919 የተመሠረተ ትልቅ ሱቅ ነው፤ ጥንካሬው ግን ለማተምና ለመቅረጽ በሚሆነው የእፅዋት ቆዳና በዚያ ዙሪያ ባሉት መሣሪያዎች ነው። በክሮም ለሚሠራ ሰው ከዚያ የሚወሰደው ጥቂት ነው።

ክር ላይ ስስት አያስፈልግም። የጀርመኑ ሪትዛ 25፣ ገበያው ታይገር የሚለው፣ ሰም የተቀባ ጠፍጣፋ የፖሊስተር ክር ነው፤ 0.6፣ 0.8፣ 1 እና 1.2 ሚሊ ሜትር ይገኛል። ለ3 ሚሊ ሜትር መብሻ 0.45 እስከ 0.55፣ ለ3.38 0.55 ወይም 0.6፣ ለ4 0.6 እስከ 0.8 ክር ይሄዳል። ወፍራም ክር በጠባብ ርቀት ቀዳዳውን ይወጥራል፣ ስፌቱም ማዘንበሉን ትቶ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። በሁለት መርፌ ሲሰፋ ክሩ የስፌቱን ርዝመት አራት እጥፍ ይወስዳል። በአጠቃላይ 4 ሜትር ስፌት ያለው ቦርሳ 16 ሜትር ክር ይፈልጋል ማለት ነው፤ ባለ 25 ሜትሩ ትንሽ ጥቅል ሁለተኛውን ቦርሳ አይጨርስም። ፖሊስተር የተባለውን ክር ጫፉን በላይተር ንኩት፤ ቀልጦ ጠብታ ካበጀ ልክ ነው፣ አመድ ከሆነ ጥጥ ወይም ተልባ ነው። ቀይና ጥቁሩን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈትጉ፤ ቀለም የሚለቅ ክር ነጣ ያለ ቆዳ ላይ ኪሳራ ነው።

የመርፌው ነገር አጭር ነው። የእንግሊዙ ጆን ጄምስ ደንዛዛ ጫፍ ያለውን የኮርቻ መርፌ ይሠራል፤ ቁጥር 4 ለ0.6 ክር፣ ቁጥር 2 ለ0.8። ቁጥሩ ሲበልጥ መርፌው ይቀጥናል። ርካሹ መርፌ ዓይኑ ሻካራ ስለሆነ ክሩን ይፍቀዋል፤ ክብደቱ ኢምንት ለሆነ ዕቃ ርካሹን መምረጥ ትርፍ የለውም።

ዘለበትና ቀለበት ላይ ማታለሉ ይበዛል። “የናስ ቀለም” ብሎ የጻፈ ሻጭ ናስ ነው አላለም። ማግኔት አስጠጉ፤ ከሳበው የተቀባ ብረት ነው። ካልሳበው ግን ናስ ነው ብላችሁ አትደምድሙ፣ የዚንክ ቅይጥንም ማግኔት አይስበውምና። ከጀርባው በኩል በሞረድ ጫር አድርጉት፦ ቢጫ ከወጣ ናስ፣ ነጣ ያለ ግራጫ ከወጣ ዚንክ። ለተመሳሳይ ቅርጽ ዚንኩ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀላል። ዚንክ ለጌጥ ይሆናል፤ የትከሻ ማንገቻ መንጠቆና የቀበቶ ዘለበት ላይ ግን ምላሱ ወይም መዞሪያው ጋ ሳይታሰብ ይሰበራል፣ የደንበኛ ቅሬታም ከዚያ ነው የሚመጣው። ልኩ ሁልጊዜ የውስጥ ስፋት ነው፤ 25 ሚሊ ሜትር ዘለበት 25 ሚሊ ሜትር ማንገቻ ይይዛል፣ ከውጭ ሲለካ ወደ 35 ሊጠጋ ይችላል። ሪቬት (ቆዳ ለማያያዝ የሚመታ ባለ ካፕ ምስማር) ስታዙ የካፑን ስፋት ብቻ ሳይሆን የእግሩን ርዝመት ተመልከቱ፦ የተደራረበው ቆዳ ውፍረት ሲደመር 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር። ረዝሞ ከመጣ ሲመታ ይጎብጣል፣ ካጠረ አይነክስም። በብሎን የሚጠብቀው ዓይነት ግን እግሩ ከቆዳው ውፍረት መብለጥ የለበትም። የሚጫን ቁልፍ ልኩ “ላይን” በሚባል መለኪያ ይጻፋል፤ 20 የተባለው 12.7፣ 24 የተባለው 15 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። መምቻውን ከዚያው ሻጭ አብራችሁ ውሰዱ።

ተራ የናይለን ዚፕ መርካቶ ሞልቷል፣ ማስመጣት አያስፈልግም። የተወለወለ የብረት ጥርስ ከፈለጋችሁ በሜትር እዘዙ፤ መንሸራተቻው የዚያው ሠሪ፣ የዚያው ቁጥር ይሁን፣ የላይና የታች ማቆሚያውንም አትርሱ።

ፈሳሽ ነገር ላይ ጥብቅ መሆን ይሻላል። ማስቲሽና አልኮል ያለው ማቅለሚያ ተቀጣጣይ ስለሆኑ በተራ የአየር ፖስታ መሄድ የለባቸውም፤ ዝም ብሎ የሚልክ ሻጭ ካለ ዕቃው መንገድ ላይ ቢያዝ አብሮት ያለውም ሁሉ ይቀራል። ማስቲሹ ደግሞ የጫማ ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ አለ። በውሃ የተሠራ የጠርዝ ቀለም ግን ለክሮም ቆዳ የግድ ነው፣ ከውጭ ቢመጣም ዋጋ አለው። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ጠርሙሱ ተነፍቶ ነው የሚደርሰው፤ ክዳኑን በቴፕ እንዲያሽግና በላስቲክ ለብቻ እንዲያደርገው ሻጩን ጠይቁ፣ ስትከፍቱም ቀስ ብላችሁ። ቀለሙን በሦስት ስስ እጅ ቀቡ፤ በየመሃሉ ይድረቅና በ400 ወይም 600 ወረቀት ይሻሽ። በአንድ ወፍራም እጅ የተቀባ ጠርዝ ቆዳው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

ቆዳ ማስመጣት የሚያዋጣው በእፅዋት የለፋ ትንሽ ቁራጭ ለቀበቶ ወይም ለማተም ሲፈለግ ብቻ ነው። የአሜሪካ ሻጮች ውፍረቱን በአውንስ ይጽፋሉ፤ አንዱ አውንስ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። 3–4 የተባለው 1.2 እስከ 1.6፣ 8–9 የተባለው 3.2 እስከ 3.6 ይሆናል።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ብዙዎች የዕቃውን ዋጋ ብቻ አይተው ያዝዛሉ። ጉምሩክ የሚነሳው ከዕቃው፣ ከማጓጓዣውና ከኢንሹራንሱ ድምር ነው። 60 ዶላር ዕቃ በ25 ዶላር ማጓጓዣ መጣ እንበል፦ መነሻው 85 ነው። ቀረጡ 20 በመቶ ቢሆን 17 ይጨመራል፣ 102። ቫት 15 በመቶ 15.30፣ ድምሩ 117.30። በዚያ ላይ ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣል ተጨማሪ ታክስ) 10 በመቶ 11.73 ሲታከል 129 ይሆናል። ሌላ ክፍያ ሳይጨመር 60 ዶላሩ ከእጥፍ አልፏል። የቀረጡ መጠን በዕቃው ዓይነት ይለያያል፣ ሱር ታክስ የማይነካቸውም አሉ፤ ስለዚህ ደረሰኙ ላይ የዕቃው ስም በትክክል ይጻፍ። ዘለበትና እግሩ ቱቦ የሆነ ሪቬት በጉምሩክ ታሪፍ ቁጥር 8308፣ የእጅ መርፌ በ7319፣ ዚፕ በ9607 ይመደባሉ። “ስጦታ” ተብሎ የተጻፈ አንድ ኪሎ ዘለበት ጥያቄ ከማስነሳት በቀር ምንም አይጠቅም።

ፈጣን አድራሾች የሚያስከፍሉት በሚዛን ብቻ አይደለም። ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5000 ይካፈላል፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይከፈላል። 40 በ30 በ20 የሆነ ሣጥን 4.8 ኪሎ ይቆጠራል፣ ውስጡ ሁለት ኪሎ ዕቃ ቢሆንም። ሻጩ የእያንዳንዱን መሸጫ ካርቶን አውጥቶ በአንድ ከረጢት እንዲጠቀልል ጻፉለት።

በፖስታ ለሚመጣ ዕቃ የመከታተያው ቁጥር ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ ሁለት የአገር ፊደል መሆኑን አረጋግጡ። እንዲህ ያልሆነ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከላኪው አገር ከወጣ በኋላ ይጠፋል። አድራሻው ላይ የፖስታ ሣጥን ቁጥርና የሚሠራ ስልክ ይኑር፤ ኮዬ ፈጬ ወይም ገላን የሚኖር ሰው በሰፈርና በብሎክ ቁጥር ቢጽፍ ቤት ድረስ ላይመጣለት ይችላል። የቻይና አዲስ ዓመት ከጥር 13 እስከ የካቲት 13 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ ፋብሪካዎቹ በዚያ ሰሞን ይዘጋሉና የሚያስቸኩል ትዕዛዝ ካለ ከገና በፊት ይለቅ።

ክፍያው በውጭ ምንዛሪ የሚሠራና ለኦንላይን የተከፈተ ካርድ ይፈልጋል። በብር ተቀብሎ በሚያዝ ወኪል በኩል ከሆነ የትዕዛዙን ቁጥርና የሻጩን ገጽ ምስል ተቀበሉ፤ “4 ሚሊ ሜትር መብሻ” ማለት አይበቃም፣ የጥርሱ ብዛት፣ የጥርሱ ስፋትና የሠሪው ስም በጽሑፍ ይኑር። የገዢ ጥበቃ ቀኑ (ቅሬታ አቅርቦ ገንዘብ ማስመለስ የሚቻልበት ጊዜ) ትዕዛዙ ገጽ ላይ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ዕቃው ከዘገየ ቀኑ ሳያልቅ ማራዘሚያ ጠይቁ፤ ሣጥኑን ከፍታችሁ በካሊፐርና በማግኔት ሳትፈትሹም “ደርሶኛል” የሚለውን አትጫኑ። ቅሬታ ስታቀርቡ ካሊፐሩ ቁጥሩን ሲያሳይ ከመብሻው ጋር አንድ ላይ የተነሳ ፎቶ ይኑር፤ “ጥራት የለውም” ከሚል ረጅም ጽሑፍ ይልቅ ገንዘብ የሚያስመልሰው 36 መሆን ሲገባው 34.9 የሚል ቁጥር ነው።