ባህር ዳር ላይ ቪትዝ ዝቅ ልታስደርጉ ያሰባችሁ፣ ሞላውን በእጃችሁ ሳትይዙ ብር እንዳትልኩ

ሰላም ወገን። ይሄን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት አቅማማሁ፣ ተሸወድኩ ብሎ ማውራት ያሳፍራላ፣ በተለይ ሰፈር ውስጥ "መኪና የሚገባው ልጅ" ለሚባል ሰው። ግን ትናንት አንድ ልጅ በውስጥ መስመር "ብሮ ያንተን ቪትዝ የሰራልህ ሰውዬ ጋ ልሄድ ነው፣ ቀብድ ከፍያለሁ" ሲለኝ ዝም ማለት አቃተኝ። ስም አልጠራም፣ ጋራዡ የት እንደሆነም አልናገርም፣ እንዲህ የሚሰራው እሱ ብቻ ስላልሆነ ዘዴውን ብታውቁት ይበቃችኋል።

መኪናዬ በፈረንጅ የ2002 ሞዴል ቪትዝ ናት፣ 1.0፣ 1ኤስዜድ ሞተር። አራት አመት አብረን ነን። ቅዳሜና እሁድ ሌላው ኳስ ያያል እኔ ክሩስኮቶ እፈታለሁ፣ ሱሴ እሷ ናት በቃ። ሬዲዮውን አንድሮይድ አድርጌያለሁ፣ ወንበሩን አልብሻለሁ፣ 14 ስፖርት ቸርኬ አስገብቻለሁ፣ ባለፈው ክረምት ደግሞ የኋላ ሞላ (መኪናዋን የሚሸከመው ጥምዝ ብረት) መቀመጫ ጎማዎቹ ሲንጫጩብኝ ራሴ ፈትቼ ቀይሬያቸዋለሁ (ይቺን ያዟት፣ ኋላ ትፈለጋለች)። የቀረኝ ቁመቷን ትንሽ ዝቅ ማስደረግ ነበር።

እውነቱን ለመናገር እዚህ ከተማ መኪና ዝቅ ማድረግ የጤና አይደለም። ዘንባባው ስር ያለው ዋና መንገድ ሸጋ ነው፣ አንዴ ወደ ሰፈር ከታጠፍክ ግን ኮብልስቶን፣ ቦይ፣ ባጃጅ አልፎህ እንዲገባ ቆመህ የምትጠብቀው ጉድጓድ... ታላቅ ወንድሜ "ቪትዝ ድሮም መሬት የምትስም መኪና ናት፣ ደግሞ ልታስተኛት ነው?" ብሎኝ ነበር። አልሰማሁም።

ሰውዬውን ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ነው። ቪዲዮው ያምራል፣ ቀይ ሞላ፣ ጎማና ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ) መሀል ሁለት ጣት ብቻ የቀረች ቪትዝ፣ ሙዚቃ። "ከዱባይ የመጣ ኦሪጅናል ስፖርት ሞላ፣ አራቱም ከነእጅ ዋጋው 42 ሺህ" አለኝ። ተከራክሬ 38 አስገባሁት፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ ደስ አለኝ ሃሃ። ካርቶኑን አሳየኝ ስለው "ወንድምአለም ካርቶኑ ጉምሩክ ሲፈተሽ ተቀደደ" አለ። እሺ ሞላውን አሳየኝ፣ "ስቶር ነው፣ ቁልፉን የያዘው ልጅ የለም፣ ጠዋት መኪናዋን አምጣት እዛው ታየዋለህ"። ዋጋውም አልከበደኝም፣ በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ከዛም ብሩ ከወረደ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ሰማይ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ እነሱም ይሄን ነው የሚጠቀሙበት፣ ውድ ሲሆን እውነተኛ ይመስልሃል።

20 ሺህ በሞባይል ላክሁ። ደረሰኝ አልጠየቅሁም።

ጠዋት 3 ሰአት ላይ ስሄድ መኪናዋን ክሪክ ላይ ሰቀሏት፣ "አንተ ሂድ ቁርስህን ብላ፣ እዚህ ቆመህ ልጆቹን አታስጨንቅ" አለኝ። እዚህ ጋ ነው የበላኝ። ሄድኩ። ጣና ዳር ቁጭ ብዬ አሳ ጥብስ በላሁ፣ ታንኳ ሲሄድ አየሁ፣ ሁለት ቡና ጠጣሁ፣ 11 ሰአት ላይ ደውሎ ና አለኝ። ስደርስ መኪናዋ ወርዳለች፣ ጎንበስ ብዬ በጎማው በኩል ሳይ ቀይ ሞላ ያበራል፣ በጣም አምራለች አልዋሽም። የድሮዎቹስ ሞላዎች ስለው "ኧረ ለቁራሌ ሰጠናቸው፣ ዝገት ምን ያደርግልሃል" ብሎ ሳቀ። የቀረውን 18 ሺህ ከፈልኩ። በዛ ላይ "ባህር ዳር አየሩ ቀጭን ነው፣ ሞተርህ ይታፈናል፣ ይቺን ከመሪው ስር ሰካት" ብሎ ፓወር ቦክስ የሚላትን ጣት የምታክል ሳጥን በ6,500 ሸጠልኝ። እሷን ወደኋላ እመለስባታለሁ።

ዘጠኝ ቀን ንጉስ ነበርኩ። በአስረኛው ቀን እማዬን ከጊዮርጊስ አስቀድሳ ስትወጣ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ጭኜ ወደ አባይ ማዶ ስሻገር መጀመሪያ ብሬከር ላይ ከኋላ ቀጭ! አለ፣ ቀጥሎ መዞሪያው ላይ ጎማው ፓራፋንጎውን ሲፍቀው ሽታው ገባ። እማዬ "ልጄ ይሄ መኪና አጥንት የለውም እንዴ ወገቤን ፈጀው" አለች፣ ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም። ከዛ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ ቀጭ፣ ሁልጊዜ ቀጭ።

ነገሩ የተገለጠው ግን ጋራዥ አይደለም፣ ጎሚስታ ጋ ነው። የኋላ ግራ ጎማ ሚስማር በላ፣ ጎሚስታው ጋሼ ሰፈር የሚያውቁኝ ሰው ናቸው፣ ክሪኩን ከፍ ሲያደርጉት ጎማው ወደታች ሲንጠለጠል ሞላው ዘንበል አለ። ከመቀመጫው ወጥቶ ዘንበል! ጋሼ እጃቸውን ሰደው ሞላውን እንደ አምባር አሽከረከሩት። "አንተ ልጅ ይሄ ሞላ ልቅ ነው እኮ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቢዘልብህ ወጥቶ ነው የሚቀረው" አሉኝ። ለማታውቁት፣ ቪትዝ ኋላ ላይ ሞላው ከአሞርዛተሩ (ንዝረቱን ከሚያበርደው ቱቦ) ጋር አንድ ላይ አይደለም፣ ለብቻው በቦዲውና በኋላ አክሰሉ መሀል ነው የሚቆመው፣ የሚይዘው ነገር የራሱ ርዝመት ብቻ ነው። አጭር ከሆነ መኪናዋ መሬት ላይ ስትቆም ክብደቱ ይጫነዋል ደህና ይመስላል፣ ጎማው ሲንጠለጠል ግን የሚይዘው የለም።

በእጃችን ብቻ አወጣነው፣ ምንም መሳሪያ ሳንጠቀም። ጫፉን አየሁት። ፋብሪካ የሰራው የሞላ ጫፍ ጎማ መቀመጫው ላይ ያለችዋን ደረጃ ፈልጎ ልክ ገብቶ ያርፋል። የኔው ግን ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሚቧጭር፣ ከቀለሙ ስር ብረቱ ሰማያዊ የሆነ፣ ግራይንደር ሲያቃጥለው የሚወጣው ሰማያዊ። አንድ ዙር ከሩብ ያህል ጎድሏል። የተቆረጠ ሞላ ደግሞ ማጠሩ ብቻ አይደለም፣ ሽቦው ሲያጥር ይደርቃል፣ ስለዚህ መኪናዋ ዝቅ ብላ ለመተጣጠፊያ ቦታ ሲያንሳት ሞላውም እምቢ ይላል፣ ጭነቱን ሁሉ አሞርዛተሩ ይበላዋል።

እስከዚህ ድረስ "እሺ የሌላ መኪና ሞላ ቆርጦ ሸጠልኝ" ብዬ ነበር። ከዛ ቀዩ ቀለም ላይ አንድ ቦታ እብጠት አየሁ። ግሪሱን ሳይጠርጉ በስፕሬይ ነፍተውት ስለነበር በጥፍሬ ስነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ፣ ከስሩ ነጭ ዘይት ቀለም፣ በራሴ የእጅ ጽሁፍ፣ "ግ"።

ባለፈው ክረምት የሞላ መቀመጫ ጎማዎቹን ስቀይር ግራና ቀኙ እንዳይቀያየርብኝ "ግ" እና "ቀ" ብዬ የጻፍኩባቸው ሞላዎች ናቸው። ለቁራሌ የተሰጡት! የራሴን ሞላ ፈትተው፣ ቆርጠው፣ ቀይ ቀብተው፣ መልሰው ገጥመው በ38 ሺህ ሸጡልኝ። ጋሼ መጀመሪያ አልገባቸውም ነበር፣ ሲገባቸው ኩርሲያቸው ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፣ እኔም ምን ላድርግ አብሬ ሳቅሁ፣ ማታ ቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ፊቱ ደግሞ ባሰ። ፊት ላይ ሞላና አሞርዛተር አንድ ላይ ስለሆነ ሳይፈታ አይታይም፣ ሳስፈታው ሞላውን መቁረጣቸው አልበቃ ብሏቸው ቀጭ የሚለው ድምፅ ቶሎ እንዳይሰማ የአሞርዛተሩን ማቆሚያ ጎማ (መኪናዋ እስከ መጨረሻ ስትወርድ የሚያርፍበትን) ግማሹን በቢላ ቆርጠውታል። ሁለቱም አሞርዛተሮች ዘይት ተፍተዋል፣ ከዛ በፊት የማይፈሱ ጤነኛ ነበሩ።

ሰውዬው ጋ "ግ" የምትለውን ሞላ ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ "ልጆቹ ተሳስተው ይሆናል" አለ፣ ቀጥሎ "ዝቅ አድርግልኝ አልክ ዝቅ አለ፣ ምን ጎደለብህ?" አለ፣ መጨረሻ ላይ "ደረሰኝ አለህ?" እዚህ ላይ ደረቅሁ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው ይላል፣ እኔ ግን በእጄ ያለው በአንድ ግለሰብ ስም የተላከ ብር ነው፣ ምክንያቱ ላይ የጻፍኩት ደግሞ "ለወዳጄ"። አዎ ሳቁብኝ። እናንተ ስትልኩ ቢያንስ "የ4 ሞላ ዋጋ፣ አዲስ" ብላችሁ ጻፉበት።

አሁን ፓወር ቦክሷ። ስሰካት ሶስት መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ "150 ኪሎ ሜትር እስክትነዳ ሞተሩን እያጠናች ነው" ተብያለሁ። ከቤዛዊት ዳገት በፊትም በኋላም በዛው ማርሽ በዛው ማቃሰት ነው የምወጣው። ከሞላው በኋላ በስክሩድራይቨር ከፈትኳት። ውስጧ መብራቶቹ፣ አንድ በተን፣ እነሱን የምታበራ አንዲት ደቃቃ ቺፕ። ሶኬቱ ላይ (መኪናው ላይ የሚሰካው ጫፏ) 16 ፒን አለ፣ ሽቦ የተነካው የባትሪው 16ኛውና የግራውንዶቹ 4ና 5 ብቻ ናቸው፣ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚያወሩት ፒኖች ባዶ ብረት። ማለት መኪናህ ላይ የተሰካ የገና መብራት ነው።

ስለ አየሩ ያለው ግን ውሸት አልነበረም፣ ለዛ ነው የሚሸጥለት። ባህር ዳር ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አስር ፐርሰንት ያህል ጉልበት ያጣል። የኔዋ ወረቀት ላይ 70 ፈረስ ጉልበት ናት፣ እዚህ ስትደርስ 57 58 ቢቀራት ነው። ያን የሚመልስ አየር ነው፣ መብራት አየር አያመጣም። ካንዴላ መቀየር፣ የአየር ማጣሪያ፣ የቆሸሸ ትሮትል (አየር ወደ ሞተር የሚገባበት በር) ማጠብ፣ የጠፋውን ባይመልስም ያለውን ያስጠብቃል፣ ለሱም ከ6,500 በታች ነው የወጣብኝ።

ሰውዬው አሁን "1ኤንዜድ ሞተር እንቀይራለን፣ ቪትዟ ትበራለች" እያለ ነው አሉ። 1ኤንዜድ 1.5 ጥሩ ሞተር ነው፣ አልክድም፣ ግን ከኤስዜድ የተለየ ቤተሰብ ነው፣ ማቀፊያው ኮምፒውተሩ ሽቦው ሁሉ ይለወጣል፣ ሊብሬ ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ካልተስተካከለ ደግሞ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ ማን እንደሚጠየቅ ታውቃላችሁ። ሞላ በሚቆርጥ እጅ አታስነኩት።

ዝቅ ማስደረግ የግድ ነው የምትሉ ካላችሁ (አውቃለሁ አላችሁ፣ እኔም ነበርኩ) ሞላው ከመኪናው ውጪ እያለ ያዙት፣ ሁለቱንም ጫፍ በጣታችሁ ዳስሱ፣ ከአሮጌው ጎን አቁሙትና ፎቶ አንሱ። ሲፈታም ሲገጠምም እዛው ቁሙ፣ አስጨነቅኸን ካሏችሁ ይጨነቁ። አሮጌውን ሞላ ደግሞ ከሰአት በኋላ አይደለም፣ እንደተፈታ ወዲያው ኮፈኑ ላይ አስቀምጡት፣ ይዛችሁት ግቡ። ከጋራዡ ሳትወጡ መኪናዋን አንዴ በክሪክ አሰቅላችሁ የኋላውን ሞላ በእጅ አሽከርክሩ፣ ከዞረ አትክፈሉ።

እኔ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በዘመድ በኩል ያገለገለ ኦሪጅናል ሞላ በ16 ሺህ፣ ሁለት የፊት አሞርዛተር በ11 ሺህ አስመጥቼ ወደ ድሮ ቁመቷ መልሻታለሁ። እማዬ ተሳፍራ "አሁን መኪና ሆነች" ብላለች። "ግ" ቤቴ አለ፣ ማየት የሚፈልግ ይምጣ ላሳየው።

አንድ ነገር ልጨምር። የኔ መኪና ሰውዬው ማስታወቂያ ላይ እስካሁን አለች፣ ሰሌዳዋን ሸፍነው። ብርማ ቪትዝ፣ የኋላ ቀኝ መብራቷ ተሰንጥቆ በቀይ ስኮች የተለጠፈች ካያችሁ፣ ስር "ደንበኛችን በጣም ተደስቷል" ይላል፣ እሷ ናት።