«ኪው አር ኮድ በነፃ» ያለው ቢዝነስ ካርድ ከማሳተማችሁ በፊት

ወገን፣ አነስተኛ ሥራ ያላችሁ፣ በተለይ ቤት ለቤት የምትሠሩ፣ እባካችሁ ይህችን አንብቡ። እኔን የደረሰብኝ እናንተን እንዳይደርስባችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሥራዬ ሶፋና ምንጣፍ እጥበት ነው። ሲኤምሲ፣ አያትና ገርጂ ያሉ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ እሠራለሁ። አጥቤ ስወጣ ካርድ ትቼ እሄዳለሁ። ለጥበቃዎችና ለባለሱቆችም እሰጣለሁ። ሶፋ በየሳምንቱ አይታጠብም። ሰው ካርዴን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ የሚፈልገኝ ከስድስት ወር በኋላ ልጁ ጭማቂ ሲደፋበት ነው። ስለዚህ ካርዴ ቶሎ የሚበላሽ መሆን የለበትም።

ማስታወቂያውን ያየሁት ቴሌግራም ላይ ነው። 1,000 ካርድ፣ ዲዛይን በነፃ፣ ኪው አር ኮድ በነፃ፣ ዋጋው 6,500 ብር። ናሙና አሳዩኝ። ወፍራም ነው፣ በካሬ ሜትር 350 ግራም የሚመዝን ወረቀት ነው አሉኝ፣ ላዩ ማት ላሚኔሽን፣ ማለትም የማያብረቀርቅ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን አለው። እጄ ላይ ደስ አለኝ። ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። ዲዛይኑን በስልክ ላኩልኝ፣ «ይታተም» አልኩ።

ካርዱ ሲመጣ ሌላ ነገር ነበር። ስይዘው ይታጠፋል። ላሚኔሽን የለውም። ስጠይቅ «እሱ ለብቻው ነው የሚከፈለው» አሉኝ። ደረሰኝ አልተቀበልኩም፣ በጽሑፍም የተስማማነው ነገር የለም። ምን ብዬ ልከራከር?

አንድ ቀን ደንበኛዬ ቤት ሥራ ጨርሼ፣ እጄ ገና እርጥብ እያለ ካርድ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ሰማያዊው ቀለም አውራ ጣቴ ላይ ቀረ። ከስልኬ መጨረሻ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ተዘባርቀው ነበር። ውሃ ሲነካው የሚለቅ ርካሽ የኢንክጄት ሕትመት ነበር የሰጡኝ። ውሃ ለሚነካ ሠራተኛ ይህ ካርድ ከወረቀት ቁራጭ አይሻልም።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ኮዱ ነው። ሦስት ወር ያህል በደንብ ሠራ። ከዚያ አንዲት ደንበኛ ደውላ «እህቴ፣ ኮዱን ስካን ሳደርገው ጊዜው አልፏል ይለኛል፣ ሥራ አቆምሽ እንዴ?» አለችኝ። ማተሚያ ቤቱ ጋ ደወልኩ። ኮዱ እንዲቀጥል በዓመት 2,400 ብር ክፈይ አሉኝ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያቺ ደንበኛ ባትደውልልኝ ኖሮ ሥራ ያቆምኩ መስሏት ትቀር ነበር። ሳይደውሉ የቀሩት ስንት እንደሆኑ አላውቅም።

ነገሩን ያስረዳኝ ኮምፒውተር የሚያውቅ ዘመዴ ነው። ኪው አር ኮድ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ውስጥ የራሳችሁ ስልክ ወይም የቴሌግራም አድራሻ ራሱ ነው ያለው። እሱን ማንም ሊዘጋባችሁ አይችልም። በሁለተኛው ውስጥ ያለው የሌላ ድርጅት አድራሻ ነው፤ ስካን ያደረገው ሰው መጀመሪያ እዚያ ይሄድና ከዚያ ወደ እናንተ ይላካል። መሐል ያለው ድርጅት ክፍያ ሲቋረጥ መንገዱን ሊዘጋው ይችላል። ሁለተኛው በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ካርዱ ከታተመ በኋላ አድራሻ ለመቀየር ይጠቅማል። ግን ክፍያ ካለው አስቀድሞ ሊነገራችሁ ይገባል። መለየቱ ቀላል ነው። በስልካችሁ ካሜራ ኮዱን ያዙትና ሳትከፍቱት ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን አድራሻ አንብቡ። የእናንተ ካልሆነና የማታውቁት ከሆነ አታሳትሙ።

ሌላ ቦታ ላሳትመው ብዬ የዲዛይኑን ፋይል ስጠይቅ ደግሞ «3,000 ብር» አሉኝ። ዲዛይን በነፃ ማለት ፋይሉ የእኔ ነው ማለት እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ፋይሉ ለእናንተ እንደሚሰጥ፣ ወረቀቱ ስንት ግራም እንደሆነ፣ ላሚኔሽን እንዳለውና ለኮዱ በየጊዜው ክፍያ ካለ ስንት እንደሆነ ጽፈው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። የቴሌግራም መልእክትም ቢሆን ከባዶ እጅ ይሻላል። ደረሰኝም ተቀበሉ።

ሁሉም ከመታተሙ በፊት አንድ ካርድ በወረቀት ታትሞ እዩ። ስክሪን ላይ አሳድጋችሁ ስታዩት የሚያምር የአማርኛ ፊደል ካርድ ላይ ሲያንስ ይጠፋፋል። የኔ ላይ «ጽዳት» የሚለው «ጸዳት» ነው የሚመስለው፤ የጽ ቅጥያ ደቃቅ ስለሆነች ቀለም ውጧታል። ያንኑ ናሙና በእርጥብ ጣት እሹት። ስልክ ቁጥሩንም ከወረቀቱ ላይ እያያችሁ ደውሉበት።

አሁን ሌላ ቦታ 200 ፍሬ ብቻ አሳትሜአለሁ፤ ናሙናውን አይቼ፣ ኮዱን በራሴ ስልክ ሞክሬ። ባለፈው ቅዳሜ አያት ወዳሉት ጥበቃ ሄጄ «ጋሼ፣ ያን ጊዜ የሰጠሁዎትን ካርድ ይመልሱልኝ፣ ኮዱ ተዘግቷል» አልኳቸው። ከኪሳቸው አሥራ አንድ አወጡልኝ፤ በእነሱ ምትክ አዲሶቹን ሰጠኋቸው። ገርጂ ያሉት ሁለት ሱቆች ይቀሩኛል።