ጥቁር እናቶችን ለሚያግዙ ዱላዎች ምስጋና፣ ለነፍሰ ጡር እህቶች ጥቆማ

በዋሽንግተን ዲሲ ጥቁር እናቶችን ለሚረዳው ድርጅት ለማማቶቶ ቪሌጅ ሠራተኞች፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያም ጥቁር እናቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ለሚያግዙ ዱላዎች ሁሉ ምስጋናችን ከልብ ነው። ዱላ ስንል በትሩን ሳይሆን በእርግዝና፣ በምጥና በአራስነት ከእናት ጎን የምትቆም፣ ለዚሁ የሠለጠነች ሴት ማለታችን ነው። አዋላጅ አይደለችም፤ ማህፀን አትመረምርም፣ መድኃኒት አታዝም።

እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ከ100,000 ወሊድ የሞቱት ጥቁር እናቶች 50.3፣ ነጮቹ 14.5 ነበሩ። ሆስፒታል ስንገባ እኛም ጥቁሮች ነን። ከእርግዝና ጋር ከተያያዘው ሞት ከግማሽ በላዩ የሚደርሰው ከወሊድ 7ኛ ቀን እስከ ዓመቱ ባለው ጊዜ ነው፤ ዱላዎቹን ይበልጥ የምናመሰግነውም በዚህ ጊዜ ለሚሠሩት ሥራ ነው።

አራሷ ራሴን አመመኝ ስትል ጠያቂው ሁሉ «እንቅልፍ አጥተሽ ነው» ይላታል። ጎበዝ ዱላ ግን የደም ግፊቷን እንድትለካ ታደርጋታለች፦ 5 ደቂቃ አርፋ፣ ጀርባዋን ተደግፋ፣ እግሯን መሬት አስነክታ፣ ክንዷን በልቧ ትክክል አድርጋ። የመለኪያው ማሰሪያ ልብስ ላይ አይጠመጠምም፤ ለክንዷ ከጠበበም ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። 140/90 ከደረሰ በዚያው ቀን ለሐኪም ይደወላል። 160/110 ከደረሰ፣ ወይም ራስ ምታቱ ላይ የዓይን ብዥታ ከተጨመረ ወደ 911 ይደወላል። ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ ከሁሉ በፊት «ከወለድኩ ይህን ያህል ቀኔ ነው» በሉ፤ ይህ ሳይነገር ሲቀር ከወሊድ የመጣው የግፊት ሕመም እንደ ተራ ራስ ምታት ይታለፋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞዴስ የሚሞላ ደም፣ የእንቁላል ያህል የረጋ ደም፣ 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳትም አያሳድሩም።

በሦስቱም አካባቢ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ለዱላ ይከፍላል፤ በሜሪላንድ ከምጡ ሌላ 8 ጉብኝት ይሸፍናል። ዱላዋ በሜዲኬይድ ካልተመዘገበች ግን ክፍያው ከኪሳችሁ ነው፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። 20ኛው ሳምንት ሳያልፍ ፈልጉ፤ ጎበዞቹ ቶሎ ይያዛሉ። እሷ ሌላ ወሊድ ላይ ሳለች ምጣችሁ ቢመጣ ማን እንደምትተካት፣ ከወሊድ በኋላ ስንት ጊዜ እንደምትመጣም ጠይቋት።

አማርኛ ባትችል አትተዋት። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ባል ወይም ልጅ የሐኪም ቃል እንዲያስተረጉም አታድርጉ። የአስተርጓሚ ጥያቄው ፋይላችሁ ላይ እንዲጻፍ ገና በክትትሉ ጊዜ ለዱላዋ ንገሯት፣ ታስፈጽምላችኋለች።