ተርሞስታት ያልነበራት መኪና፦ ከ14 ወር በኋላ

የመኪናዋን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የፋብሪካው አይመስለኝም። ይህችኑ ሞዴል የሚነዱ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ፤ ዘይትና ፊልትሮ ከማስቀየር በቀር ጋራዥ ደጃፍ አይደርሱም። የራሴን ታሪክ ስጀምርላቸው ስለ ሌላ መኪና የማወራ ይመስላቸዋል። የእኔዋ 1.6 ሊትር ቤንዚን፣ ማርሿ አውቶማቲክ፣ ስገዛት 11 ዓመት የሞላት፣ ቆጣሪዋ 118,000 ኪሎ ሜትር የሚል ነበረች። (የፍሬን ፔዳሏ ላስቲክ አልቆ ብረቱ ይታይ ነበር። በ118,000 ኪሎ ሜትር ላስቲክ እንዲህ ያልቃል ወይ ብዬ ያን ቀን አልጠየቅሁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።) እስካሁን 71 ቀን ጋራዥ አድራለች። ለጥገና ያወጣሁት ከገዛሁበት ዋጋ ግማሹን አልፏል።

መልካም መልካሙን ቶሎ ልበልና ልገላገል፤ ወንበሯ ይመቻል፣ መሪዋ ቀላል ነው፣ ፍሬኗ አሳፍሮኝ አያውቅም፣ የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ሰፊ ነው። የቀረው ሁሉ ስለ ውሃ ነው።

በገዛሁ በሦስተኛው ሳምንት ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ብርቱካናማ የሞተር ምልክት በራች። ስገዛት አንድም መብራት አልነበረም፤ ሻጩ ቁልፉን አዙሮ «እይ እህቴ፣ ንጹሕ ናት» ብሎ አሳይቶኛል። ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ያለው መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ኮዱ ፒ0128 ነበር። ሞተሩ መድረስ ያለበት ሙቀት ላይ አልደረሰም ማለት ነው። መካኒኩ ሳቅ አለና «ይሄማ ጥሩ ችግር ነው፤ ቀዘቀዘች እንጂ አልሞቀች» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ነዳጅ የምትጠጣውም ለዚህ ነው ሲለኝ ይባስ ደስ አለኝ፤ አንድ ዕቃ ቀይሬ ሁለት ችግር የምፈታ መስሎኝ።

የተርሞስታቱን ቤት ሲፈታው ውስጡ ባዶ ነው። «ቤቱ አለ፣ ባለቤቱ የለም» አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የ14 ወሩ መከራ ሁሉ ያለው እዚህች ባዶ ቤት ውስጥ ነው። ተርሞስታት ማለት ሙቀት ሲያገኘው የሚከፈት በር ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ይዘጋና ውሃው እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይዞራል፤ ብዙዎቹ ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርሱ ይከፍቱና ውሃው ወደ ራዲያተር ሄዶ ይቀዘቅዛል። ታዲያ ደህና የሆነን ሞተር በር ማን ነቅሎ ይጥላል? ሞተሩ የሚፈላበት ሰው ነዋ። በሩ ሲነቀል ውሃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ያለ ማቋረጥ በራዲያተር ውስጥ ያልፋል፤ በአጭር መንገድ፣ ለገዢ በምትደረግ የሙከራ ሽርሽር፣ ሞተሩ ብርድ ብርድ ይለዋል እንጂ አይሞቅም። ሕመሙ እንዳለ ሆኖ ትኩሳቱ ብቻ ይሰወራል።

የመብራቷም ነገር እንዲሁ ነው። ያው መሣሪያ ኮዱን ማጥፋትም ይችላል። ኮዱ ሲጠፋ ግን መኪናዋ በራሷ ላይ የምታደርጋቸው ምርመራዎችም አብረው ወደ ዜሮ ይመለሳሉ፤ መሣሪያውን የሰካ ሰው «ገና አልተጠናቀቀም» የሚል ተርታ ያያል። ያን ቀን አንድ ሰው አምጥቼ መሣሪያውን አሰክቼ ቢሆን ኖሮ መብራቷ እንደ ጠፋች ሳይሆን እንደ ተደበቀች አውቅ ነበር። አላመጣሁም። ወንድሜን ነው ያመጣሁት፤ እሱ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «ጥሩ ናት» አለ።

አዲስ ተርሞስታት ገዛሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። በተገጠመ በአራተኛው ቀን ዳገት ላይ ፈላች።

ስለ ሙቀት መለኪያዋ መርፌ የማልለው የለኝም። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ያቺ መርፌ የሙቀቱን ልክ አታሳይም። ከ75 ገደማ እስከ መቶ ዲግሪ አለፍ እስኪል ድረስ ኮምፒውተሩ መሐል ላይ ያቆማታል፤ ሾፌሩ በየዳገቱ እንዳይጨነቅ ነው ይባላል። እኔ መጨነቅ እፈልግ ነበር! የእኔዋ መርፌ መሐል ላይ ተኮፍሳ ቆይታ በአንድ ጊዜ ስትነሳ ነገሩ አልፎ ነበር። እዚህ ላይ የራሴንም ልናገር። ወዲያው አላቆምኩም። መንገዱ ጠባብ ነበር፣ ከኋላ ጥሩምባ ይነፋብኛል፣ «እዚያች ማዶ ልድረስ» አልኩ። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነዳሁ። ስቆም ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ይወጣል።

ይህችን ሁለት ኪሎ ሜትር ሻጩ እንዳይሰማት እፈራለሁ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከእሱ ጋር እከራከራለሁና መልሱን አውቀዋለሁ፤ «እኔ የሰጠሁሽ መኪና ትሄድ ነበር። ያቃጠልሻት አንቺ ነሽ።» እኔም እለዋለሁ፤ በሩን ነቅለህ ሸጥክልኝ። «በር አለው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል?» ይላል። እዚህ ስንደርስ ሁልጊዜ ያሸንፈኛል፤ ተነስቼ ውሃ እጠጣለሁ።

ቀጥሎ በግምት የመጠገን ዘመን መጣ። የመጀመሪያው ጋራዥ «የራዲያተር ክዳን ነው» አለ። ውሸት አይደለም፤ ክዳኑ ሲስተሙን በ1.1 ባር አካባቢ አፍኖ ይይዘዋል፤ በዚያ ግፊት ውሃ በ100 ሳይሆን ወደ 120 ዲግሪ ተጠግቶ ነው የሚፈላው፤ የክዳኑ ላስቲክ ከደከመ ቀድሞ ይፈላል። ክዳን ተቀየረ። ውሃው መቀነሱን ቀጠለ። ሁለተኛው ጋራዥ «ራዲያተር» አለ፤ እሱም አልዋሸም፤ የወጣው ራዲያተር የታችኛው ግማሽ ቱቦዎቹ በዝገት ጭቃ ተደፍነው ነበር። ለዓመታት ኩላንት (ለሞተር ማቀዝቀዣ የተዘጋጀው ፈሳሽ) ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ነው የተሞላው። ኩላንት ለብርድ አገር ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ብረትና አልሙኒየም እንዳይበላ የሚከላከለው ንጥረ ነገር ያለው እኮ እሱ ውስጥ ነው። ሦስተኛው ጋራዥ «የውሃ ፓምፕ» አለ። በእኔ ሞተር ፓምፑን የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋ ስለሆነ፣ እዚያ ድረስ ከተፈታ ቺንጋውንም አብሮ መቀየር ግድ ነው፤ ቀየርን። በየጊዜው ለሁለት ሳምንት ያህል ሰላም እሆናለሁ፤ ከዚያ ጠዋት ኮፈኑን ስከፍት ውሃው ከታችኛው መስመር ወርዶ አገኘዋለሁ። መሬት ላይ ጠብታ የለም። ወዴት ይሄዳል? ማንም አልመለሰልኝም። ሦስቱም ግን ደረሰኝ ሰጥተውኛል። በነገራችን ላይ ሦስቱም ምን እንደተበላሸ ያስረዱ የነበረው ለወንድሜ ነው፤ ከፋይዋ አጠገባቸው ቆሜ።

በስድስተኛው ወር አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ዘንድ ደረስኩ። ጋሼ ነው የምላቸው፣ ስማቸው ይቆየን። «ዛሬ አላያትም፤ ነገ ጠዋት ሳትነሳ፣ ያደረችበት እመጣለሁ» አሉኝ። መጡ። የመፍቻ ሣጥናቸውን እንኳ አልከፈቱም። የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በእጃቸው ጨመቅ አደረጉትና «ነይ ጭመቂው ልጄ» አሉኝ። እንደ ድንጋይ ነው። «ያደረ ሞተር ቱቦው ልፍስፍስ ማለት ነበረበት። ይሄ ሌሊቱን በግፊት አድሯል። የማን ግፊት ይመስልሻል?»

ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ራዲያተሩ አፍ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለባት ትንሽ ብልቃጥ ደቀኑ። ከሲሊንደር ውስጥ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው የሚገባ ከሆነ ፈሳሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያገኝና ወደ ቢጫ ይለወጣል። ደቂቃ አልፈጀም፤ ቢጫ ሆነ። ካንዴላዎቹን አውጥተው ግፊት ሲለኩ አንደኛውና አራተኛው ሲሊንደር 12 ባር ገደማ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው 8 እንኳ አልሞሉም። ጎረቤታሞቹ አብረው ከወደቁ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ተበስቷል ማለት ነው። የቴስታ ጓርኒሲዮን፤ በቴስታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድነው የሞተር ራስ፣ እና በሞተሩ አካል መካከል የሚገባው ስስ ማሸጊያ። ውሃዬ ወዴት እንደሚሄድም ያኔ ገባኝ፤ ሞተሩ ይጠጣዋል፣ ጠዋት ጠዋት በነጭ ጭስ ይተነፍሰዋል። ጭሱን የብርድ እንፋሎት ነው እያልኩ ስድስት ወር አልፌዋለሁ።

ይህን ለማወቅ የፈጀው ግማሽ ሰዓት ነው። ዋጋውም ለሦስቱ ጋራዦች ከከፈልኩት ጋር ሲተያይ ኢምንት። የተቀየሩት ዕቃዎች ሁሉ እውነትም ደክመው ነበር፤ እኔን የሚያናድደኝ ግን ማንም ቱቦውን አለመጨመቁ ነው።

አሁን ደግሞ የራሴ ሞኝነት። ጋሼ «ለአንድ ወር ሥራ ሞልቶብኛል፣ ታገሺ» አሉ። አልታገስኩም። ቴስታውን በአራት ቀን አውርዶ የሚመልስ ጋራዥ አገኘሁ። ወረደ። ቀጥ ያለ ብረት አስደግፈው በስስ መለኪያ ሲፈትሹት 0.2 ሚሊ ሜትር ጎብጧል፤ የሁለት ወረቀት ውፍረት ያህል። ትንሽ ይመስላል፤ ለብዙ ሞተሮች የሚፈቀደው 0.05 አካባቢ ነው። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ያህል ይለጠጣል፤ ብሎኖቹ ደግሞ ይዘውታልና መሄጃ ሲያጣ ይጎብጣል። ያቺ ሁለት ኪሎ ሜትር ትዝ አለችኝ። ቴስታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላገ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ፣ መኪናዬ ሦስት ወር እንደ ሰው መኪና ሄደች።

በአሥረኛው ወር ቱቦው ጠዋት ጠዋት መጠንከር ጀመረ።

ጋሼ ዘንድ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። አልተቆጡኝም፤ መቆጣት ይሻል ነበር። ፈትተው አንድ ነገር አሳዩኝ። የወጣውን የቴስታ ብሎን ከአዲሱ ጎን ጠረጴዛ ላይ አቆሙት፤ አሮጌው በዓይን ይረዝማል። የእኔ ሞተር ብሎኖች ሲጠብቁ ተለጥጠው የሚይዙ ናቸው፤ በመጀመሪያ በልኩ ይጠብቁና ከዚያ በዲግሪ ተቆጥሮ ይዞራሉ፣ 90 ከዚያ ደግሞ 90። አንዴ የተለጠጠ ብሎን ሁለተኛ በዚያው ጉልበት አይዝም። የአራት ቀኑ ጋራዥ አሮጌዎቹን መልሶ ነው ያሰራቸው። አሥር ብሎን ለመቆጠብ ሙሉ ሥራ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። ደውዬ ስነግረው «አዲስ ብሎን አላዘዝሽም» አለኝ። የሻጩ ወንድም ይሆን እንዴ?

ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሆነ፣ 9,000 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ። ውሃ መያዣው ላይ በማርከር ያሰመርኳት መስመር አለች፤ ውሃው ከእሷ ንቅንቅ አላለም። ነዳጅ አጠጣጧም ወረደ። በዳገት ላይ ጉልበት አላት፤ ከቴስታ ሥራው በፊት የነዳኋት መኪና ይህች አልነበረችም ማለት እችላለሁ። ታዲያ ከአሥር ስንት ትሰጫታለሽ ለሚለኝ፦ በስድስተኛው ወር ብትጠይቁኝ ኖሮ ለብረታ ብረት ሰብሳቢ እሰጣት ነበር። ዛሬ ሰባት። ነገ ጠዋት ቱቦው ከጠነከረ ዜሮ። አዎ፣ አሁንም በየጠዋቱ እጨምቀዋለሁ፤ ወንድሜ «የሕፃን ትኩሳት ነው እንዴ የምትለኪው» ይለኛል። ጎማ የመታ ሰው ባይናገር ይሻለዋል።

ባለፈው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ መኪናሽን ልግዛት አለኝ። ችግር አለባት ወይ ሲለኝ ተቀምጬ ከተርሞስታቱ እስከ ብሎኑ ነገርኩት፤ ደረሰኞቹንም ዘረገፍኩለት። እያዳመጠኝ ፊቱ ሲቀየር ይታየኛል። አመስግኖኝ ሄደ። በሳምንቱ ሌላ ገዛ፤ 12 ዓመቷ፣ ምንም ያልነካት። ላሳይሽ ብሎ ወደ ማቆሚያው ወሰደኝ።

«ተርሞስታቱን አስፈትሸሃል?» አልኩት።

«ኧረ አንቺ ደግሞ» አለና ቁልፉን አዞረ። «አንድም መብራት የላትም፤ እይ!»