ደም ቀጂ ወይስ የነርስ ረዳት?

ሁለቱም በብዙ አገር የኮሌጅ ዲግሪ አይጠይቁም፤ በአጭር ሥልጠና ይገባባቸዋል።

ለምርመራ ደም የሚወስደው ደም ቀጂ ከአንድ ታካሚ ጋር የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው። ክንድ ላይ የሚታሰረውን ላስቲክ ከሚወጋው ቦታ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ያስራል፤ ከ1 ደቂቃ በላይ ታስሮ ከቆየ ውጤቱ ሊዛባ ይችላል። ጀማሪ መርፌውን ይፈራል እንጂ ጥፋት ደሙ ከሚገባባቸው ቲዩቦች ቅደም ተከተልም ይመጣል። ሐምራዊ ክዳን ያለው ከቀደመ፣ በውስጡ ያለው የፖታስየም ጨው ወደ ቀጣዩ ቲዩብ ይሻገርና የታካሚው ፖታስየም ሳይጨምር የጨመረ ያስመስለዋል። ስምም የሚለጠፈው ታካሚው አጠገብ ነው፤ ኮሪደር ላይ ሲለጠፍ ደም ከደም ይቀያየራል።

የነርስ ረዳት ግን ውሎው ከታካሚው ጋር ነው፦ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ልብስ መቀየር። ራሱን ማገላበጥ የማይችለውን በየ2 ሰዓቱ ገደማ ካላገላበጡት ተረከዙና መቀመጫው ይቆስላል። መጎተትም ቆዳ ይልጣል፤ ለሁለት ሆኖ በአንሶላ ማንሳት ይሻላል። ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ሲያዛውሩ መጀመሪያ ፍሬኑ ይያዛል።

ወገቡን ለሚያመው ደም መቅዳቱ ይቀላል። ነርስ ለመሆን ላሰበ ግን ረዳትነቱን እመርጥለታለሁ።